መንታ መኪኖች፣ ከደጀን እስከ አማኑኤል

ጎጃምን በጤፏ፣ በማሯና በቅኔዋ የሚያውቋት ብዙ ናቸው። እኔ ያወቅኋት በኋላ ጎማ በኩል ነው። በአውቶቡስ ተመልሼ አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «መኪናህስ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞም ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ የዓባይን በረሃ በፎቶ እንጂ በአካል የሚያዩት አይመስለኝም፤ መንገዱን በእኔ ወገብ ቢያዩት አይጎዳቸውም።

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ይዘንጋው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። እሱ ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብላ ባለችው በአማኑኤል ከተማ የእህልና የሸቀጥ ሱቅ አለው፤ እኔ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ተቀምጬ የሰው ፊርማ ሳመሳክር እውላለሁ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት መኪና አለን። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ በወጣትነቷ የስፖርት መኪና ትባል የነበረች፣ አሁን ግን እንደ ባለቤቶቿ መነሳትና መቀመጥ የሚያስቃስታት ትንሽ መኪና ናት። የእሱ ነጭ፣ የእኔ ቀይ። የእሱ ሞዴል ከእኔ ጥቂት ዓመት ይቀድማል። ከውጭ ላያቸው ከኋላ መብራታቸው በቀር ልዩነት የላቸውም።

«አዲሱ ሞዴል ይሻላል» እለዋለሁ በስልክ።

«አዲስ ያደረጉት መብራቱን ነው» ይለኛል።

ይህን እያልን ዓመታት ቆይተናል። በአካል የተገናኘነው ግን ከስንት አንዴ ነው።

በቅርቡ ወንድ ልጅ ወለደና ክርስትና አባት እንድሆን ጠየቀኝ። የወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። አርባው እሑድ ይውላል፤ ለቢሮ ስብሰባም ሆነ ለመንገድ ብልሽት ተብሎ የሚተላለፍ ቀጠሮ አይደለም። የይዘንጋው እናት እማማ የሺወርቅ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ሴት ልጃቸው ቤት ሰንብተው ስለነበር «እግረ መንገድህን እሷንም ይዘሃት ና» ተባልኩ።

ዓርብ

አሁን አሁን ወደ ጎጃም የሚደረግ ጉዞ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከስልክ ነው። «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ አንዱን ጠይቆ፣ ሌላውን ጠይቆ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ የተለየ መልስ ሲሰጥ መነሳት ነው። እኛ ሰፈር ሰው ጉዞ ሲወጣ «ዘይት አይተሃል?» ይባላል። እዚያ ዘይት የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

እማማ የሺወርቅን ላነሳ ስሄድ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር መነጽር። አጠገባቸው አንድ ጥቁር ብረት ተቀምጧል፤ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ከነብረት እግሩ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«ለምራቴ ነው። መርካቶ ነው ያገኘሁት።»

«ከባድ አይሆንም? መኪናዋ ትንሽ ናት።»

«መኪና መኪናን ቢሸከም ምን ይሆናል?» አሉኝ።

ከአንድ ጎረቤት ጋር ለሁለት ተሸክመን ከኋላ አስገባነው። የመኪናዬ ጭራ ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁ፤ ግን አዲሱ ሞዴል ነው ብዬ ተጽናናሁ። እማማ የሺወርቅ ዙሪያዋን ተመለከቱና የኋላው በር የት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«የላትም።»

«ሳይጨርሷት ነው የሸጡልህ?»

ከፊት አስቀምጬያቸው ተነሳን። ሱሉልታን፣ ጫንጮን እያልን ሜዳው ላይ በደህና ሄድን። ጎሃ ጽዮን ለምሳ ቆምን፤ ዓርብ ስለነበር ሽሮ አዘዝን። አዲስ አበባ ሽሮ ብታዝዝ ከሽሮው በፊት የኢንተርኔቱን የይለፍ ቃል ይነግሩሃል። እዚህ አስተናጋጇ «ተጨማሪ ሽሮ ላምጣ?» ብላ ሳንመልስላት ጨምራ ሄደች። እማማ የሺወርቅ ግን ሽሮው የሸዋ እንጂ የጎጃም አይደለም ብለው ፈርደውበታል። ዓባይን ገና ስላልተሻገርን ፍርዱ ትክክል ነበር።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው ድምፁን የሰማሁት። የበረሃው አስፋልት ከባድ መኪኖች ጨምቀውት እንደ ሊጥ ተሸብሽቧል። በእያንዳንዱ ሽብሽብ ላይ ከኋላ ግራ በኩል «ቋ» ይላል።

«ምንድን ነው?» አሉ እማማ የሺወርቅ።

«እንጃ፣ መኪናዋ ነች።»

«የእኔዋ ናት?»

«አይ፣ የእኔ ናት።»

«ተመስገን» አሉ።

ድልድዩን ተሻግረን በወዲያኛው ዳገት ግማሽ ላይ ስንደርስ «ቋ» የሚለው ድምፅ ወደ «ጧ» ተለወጠና መኪናዋ በግራ መቀመጫዋ ቁጭ አለች። ወርጄ ሳይ የኋላው ሞላ ለሁለት ተሰብሯል፤ ጎማው የጭቃ መከላከያውን ሊበላው ደርሷል። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ጫፍ ሆነው ያዩን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና ያየኝ ታዛቢ የለም።

እየተንፏቀቅን ደጀን ገባን። መካኒኩ ሙሉጌታ የሚባል የቁይ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ አየና «ሞላ ነው» አለኝ። ይህንንስ እኔም ዝንጀሮዎቹም አውቀነዋል። ለይዘንጋው ደወልኩ።

«ሞላው ነው?» አለ።

«ሞላው ነው።»

«ቀላል ነው! ከአንዲት ከተገለበጠች መኪና ፈትቼ ያስቀመጥኩት ሙሉ የኋላ ዕቃ አለኝ። ነገ ጠዋት ይዤልህ እመጣለሁ። አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?»

«አንድ ናቸው እንጂ» አልኩት። በስልክ ስንስማማ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ያደርንበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ባንቺአምላክ ይባላሉ። ከመንገዱ ጎን ጥቂት አልጋ ያላት ንጹሕ ቤት አለቻቸው። አዲስ አበባ ሆቴል ስትገባ መታወቂያህን ይጠይቁሃል፤ እሳቸው የጠየቁኝ ወገቤን ያመኝ እንደሆነ ነው። የስፌት መኪናውን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱ ሴቶች በረንዳ ላይ አውጥተው መጋረጃ ሲሰፉበት ነበር። «ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ነው» አሉኝ እማማ የሺወርቅ፣ አንዱን መጋረጃ ጨርሰው ሌላውን እየጀመሩ።

ቅዳሜ

ይዘንጋው በማለዳ ደረሰ። ረጅም ሰው ነው፤ ከዚያች ዝቅተኛ መኪና ሲወጣ እንደ ታጠፈ ሜትር ይዘረጋል። የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ እኔን አቅፎ፣ ወዲያው ብረት የሞላበት ጆንያውን አወረደ። ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቆምናቸው። ደጀን ላይ የቅዳሜ ገበያ የመጣ ሰው ሁሉ እኛን ሳያይ ያለፈ አይመስለኝም።

ሙሉጌታ ከመኪናዬ ሥር ገባ፤ ወጣ። ከይዘንጋው መኪና ሥር ገባ፤ ወጣ። እንደገና ከእኔዋ ሥር ገባ።

«እነዚህ እኮ ዘመድ አይደሉም» አለ ከሥር ሆኖ።

ተራ በተራ እኛም ተንጋልለን አየን። የይዘንጋው መኪና የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክንድ አላቸው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ቢረግጥ ሌላው አይሰማም። ሞላው ቀጭንና ረጅም ነው፤ አሞርዛተሩን አቅፎ ቆሟል። የእኔዎቹ ጎማዎች ግን ከግራ እስከ ቀኝ በአንድ ወፍራም ብረት ተያይዘዋል፤ ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙም አብሮ ያዝናል። ሞላው አጭርና ወፍራም ሆኖ ለብቻው ብረቱ ላይ ተቀምጧል። ሠሪዎቹ በሁለቱ ሞዴሎች መካከል ባሉት ዓመታት ውስጥ ነገሩን ማቅለል ፈልገው ኖሯል። ላዩን ግን አልነኩትም። ከጆንያው የወጣው ዕቃ አንዱም በእኔዋ ላይ አይገባም።

«አዲሱ ሞዴል!» አለ ይዘንጋው፣ ሥሩ እንደተንጋለለ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥርሱ ብቻ ይታየኝ ነበር።

ዙሪያችን የቆመው ሰው ፍርዱን ሰጠ። አንዱ ይበየድ አለ፤ አንዱ ይሸጥ አለ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ሁለቱንም መኪኖች እየነኩ «ሰሙ አንድ፣ ወርቁ ሁለት» አሉና ሰውን አሳቁት። ወርቁ የማንኛችን እንደሆነ ስላልነገሩን እኔ አልሳቅሁም።

ሞላ ከአዲስ አበባ ቢላክ እስከ ሰኞ አይደርስም። ክርስትናው እሑድ ጠዋት ነው። በመጨረሻ ሙሉጌታ ግቢው ጥግ ከተከመረው የወይራ ግንድ አንድ ቁራጭ አነሳ። ጠረበው፣ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ ከላይና ከታች አለበሰው፣ በክሪክ መኪናዋን አነሳና በሞላው ቦታ ሰክቶ በሽቦ አሰረው።

«ይይዛል?»

«አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ የሚቀመጥበት አለው። እንደ አህያ ጋሪ ንዳት እንጂ እንደ መኪና አትንዳት።»

እማማ የሺወርቅና የስፌት መኪናቸው ወደ ይዘንጋው መኪና ተዛወሩ። ወይዘሮ ባንቺአምላክ «ምሳ ሳትበሉ አትወጡም» አሉ። ሒሳብ ስጠይቅ መጋረጃዎቹን አሳዩኝ። ከዚያ ከራሳቸው መኝታ ላይ አጎዛ አንሥተው መቀመጫዬ ላይ አነጠፉልኝ። «ስትመለስ ታመጣዋለህ» አሉ፤ እንደማልመልሰው እያወቁ ይመስለኛል። እኛ ሰፈር ጎረቤቴ መሰላል ሲያውሰኝ መታወቂያዬን ይዞ ነው።

ነጯ ከፊት፣ ቀይዋ ከኋላ ሆነን ወጣን። ወይራ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ በስም መጥራት እችል ነበር። ይዘንጋው ፊት ፊቴ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ይሄዳል፤ በየትኖራ ከተማ በኩል ስናልፍ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ቀስ ብሎ አወዛወዘልኝ። ሰላምታ ነበር አልልም።

ሉማሜን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ነጯ ወደ ጠርዝ ወጥታ ቆመች። ደርሼ ሳይ የኋላ ቀኝ ጎማዋ እግሩ እንደ ዞረ ሰው ወደ ውስጥ ተጣሟል። ከእነዚያ ከሚመሰገኑት ክንዶች አንዱ ከጫፉ ተገንጥሏል። ሙሉጌታ ጋ ደወልን። ነገሩን ሰምቶ «እሷ ላይ እንጨት የሚገባበት ቦታ የለም» አለ።

እኔ ደግሞ ከደጀን ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ አዲሱ ሞዴል፣ ስለ አንድ ወጥ ብረት፣ ስለ ትዕቢትም ጭምር። አፌን ስከፍት ይዘንጋው ከመንገዱ ቦይ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ አየሁ። እናቱ መኪና ውስጥ ሆነው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ምን ሆንክ?»

«ዛሬ መድረስ አለብኝ።»

«ክርስትናው ነገ ጠዋት ነው እኮ። ገና ፀሐይ አለ።»

«አንተ አታውቅም።»

«ምኑን?»

መንገዱን እያየ ነገረኝ። «ካቻምና አንድ ነበረን። እሱም ወንድ ነው። አርባው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ መሠረት ጠዋት ልታጠባው ብትነሳ...»

መሠረት ሚስቱ ናት። እኔ ከሠርጋቸው በኋላ አላየኋትም።

ካቻምና በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። ያን ጊዜ የተነጋገርነውን አስታውሳለሁ፤ አሞርዛተሩ ዘይት እያፈሰሰበት ስለነበር ስለዚያ ነበር የምናወራው። አንዳንዴ ረጅም ሰዓት። እሱ ነበር ወሬውን የሚያስረዝመው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስልክ ያነሳሁለት ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናህ፣ ሌላ ይተካልሃል ይለኛል። ደውለህ ያቺ አሮጌ ብረት ዛሬም ትሄዳለች ወይ የምትለኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ብነግርህ አንተም ያጽናህ ልትለኝ ነው። አንድ ሰው እንኳ ይቅርልኝ ብዬ ነው።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት። «ያቺ አሮጌ ብረት ዛሬ አትሄድም» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ተነስቶ ልብሱን አራገፈ።

አጠገቡ ያለው ግቢ ባለቤት፣ የማያውቀን ገበሬ፣ ልጆቹን ጠርቶ ነጯን በጉልበት ገፍተው ግቢው አስገቡልን። የቀረው ጥያቄ የስፌት መኪናው ነበር። ሦስት ሰውና ያንን ብረት ወይራው እንደማይችል ለእማማ የሺወርቅ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«እሱ ይቅር» አሉ።

«ለመሠረት አይደል ያመጡት?»

«ለመሠረት የምወስድላት እናንተን ነው። ብረቱ ይደርሳል።» ገበሬውን ዞር ብለው «ዶሮ እንዳይሰፍርበት» አሉት፣ ለዘመናት እንደሚያውቁት ሰው።

ይዘንጋውን ከኋላ መቀመጫ ለማስገባት የፊቱን ማጠፍ፣ አንገቱን ማጠፍ፣ ጉልበቱንም ማጠፍ አስፈለገ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ ሞዴል ተሳፈረ። ከሉማሜ እስከ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ቀደመን፤ ገለባ የጫነ አይሱዙ ቀደመን፤ ከገበያ የሚመለስ ባለ በቅሎም ጥቂት አብሮን ሄዶ ሲሰለቸው ቀደመን። ማርቆስ ላይ ለሻይ እንቁም አልኩ፤ ከኋላ «አትቁም» የሚል ታፍኖ የወጣ ድምፅ ሰማሁ። አልቆምኩም። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሦስታችንም አንድ ላይ «እህ» እንላለን። ስለ መኪና ግን አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

አማኑኤል የደረስነው ሲመሻሽ ነው፤ ቀይዋ እስካሁን እዚያው ሞላ ስትጠብቅ ቆማለች። መሠረት በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ። ቀጭን ናት፤ የዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። መኪናዋ ለምን ቀይ እንደሆነች፣ ነጯ የት እንደቀረች አልጠየቀችም። ሦስታችንን ተራ በተራ አየችና «መጣችሁ» አለች። እራት ላይ በአንድ እጇ በላች። አማቷ «ወዲህ በይ፣ ልያዝልሽ» ቢሏት አንገቷን ነቀነቀች። ይዘንጋው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለማንም አትሰጥም። እኔም ስይዘው አጠገቤ ቆማ ነው። ክርስትና እስኪነሳ ብላለች» አለኝ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው ብዙ አይርቅም፤ በእግር ሄድን። ብርድ ነበር፤ የአዲስ አበባን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህንን አላውቅም ማለት ይሻለዋል። መሠረት አርባዋን ስላልጨረሰች ካህኑ እስኪጸልዩላት ደጅ ቆመች። ልጁን ለመውሰድ ቀረብኩ። ሰጠችኝ፤ እጆቿ ግን ነጠላውን ለመልቀቅ ጊዜ ወሰዱ።

የክርስትና አባት ሥራ ስለ ልጁ መመለስ ነው። ካህኑ ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ሰይጣንን አስካዱኝ። ያን ያህል ከልቤ ክጄው አላውቅም። ወደ ምሥራቅ አዞሩኝና አሳመኑኝ። ውኃው ሲነካው ልጁ አጥቢያውን የሚቀሰቅስ ጩኸት ጮኸ፤ ከደጅ የመሠረትን ድምፅ ሰማሁ፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ማዕተቡ አንገቱ ላይ ታሰረ። ተክለ ማርያም ተባለ።

ቤት ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቷል። የጎጃም ሰው ሲደሰት ዝም ብሎ አይደሰትም፤ እልልታው፣ ምርቃቱ፣ የዕቃው ኳኳታ አንድ ላይ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ድምፅ ቢሰማ ጎረቤት ለጥበቃ ይደውላል። ልጁ እቅፌ ውስጥ ጩኸቱን ጨርሶ ተኝቷል። ወደ መሠረት ሄጄ ዘረጋሁላት።

እጇን ዘረጋች። ከዚያ መለሰችው።

«ትንሽ ያዝልኝ» አለች።

አጠገቤ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ድንኳኑ ከተጠጋው ከቤቱ ግድግዳ አስደገፈች። አንድ ነገር ልትነግረኝ አፏን ከፍታ ነበር፤ መሐል ላይ ዓይኗ ተከደነ። ሰው ሲተኛ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሲተኛ ግን አላየሁም። ውኃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ድንጋይ።

እማማ የሺወርቅ አይተዋት ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሱና በድንኳኑ ውስጥ ላለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ጠላ የሚቀዳው ቀስ አድርጎ ቀዳ፣ የሚመርቁት በሹክሹክታ መረቁ፣ ጎራሹ ሳያንኮሻኩሽ ጎረሰ። ይዘንጋው ሚስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ጫማዋን ቀስ ብሎ አወለቀላት።

ክንዴ መደንዘዝ ጀመረ። ልጁ ሲተነፍስ ነጠላው ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ሰው መጥቶ «ልቀበልህ?» አለኝ በምልክት። አይሆንም አልኩት፤ እሷ በራሷ ጊዜ እስክትነቃ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀስኩም።